ያደረግሽውንና ያላደረግሽውን ለያይተሽ መልሺ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎችም ጉዳዩ ግልጽ እንዲሆን፣ ማንነትሽን የሚጠቁመውን ሁሉ አውጥቼ ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። በአሜሪካ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ከዲኑ ጽሕፈት ቤት በኢሜይል በደረሰሽ ማስታወቂያ ሁለት ክስ ቀርቦብሻል። አንደኛው፣ የኦራል ፓቶሎጂ፣ ማለትም የአፍ በሽታዎች ጥናት፣ ፈተና ላይ ተቀምጠሽ ሳለ፣ ካንቫስ በሚባለው የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተጫነውን የመምህሩን ስላይድ ከፍተሻል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ባላችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለፈውን ዓመት የፈተና ጥያቄዎች አሰራጭተሻል የሚል ነው። የመጀመሪያውን ፈጽሞ እንዳላደረግሽው፣ አይፓድሽ ገጹ እንደተከፈተ ቤት ቀርቶ እንደነበር ትናገሪያለሽ፤ ሁለተኛውን ግን አድርገሻል፤ አንዲት የበላይሽ ተማሪ በቃሏ ይዛ ከወጣቻቸው ጥያቄዎች ውስጥ 14ቱን የለጠፍሻቸው አንቺ ራስሽ ነሽ። ኮሚቴው ፊት የምትቀርቢው ከ9 ቀን በኋላ ነው። ጓደኛሽ "ግሩፑን አጥፊው፣ ሁሉንም ካጂ" ብላሻለች። እናትሽ ገና አልሰሙም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ በደብዳቤሽ መጨረሻ አካባቢ "አንዳንድ ሌሊት ሳልነቃ ብቀር ይሻለኛል እላለሁ" ብለሽ የጻፍሽው አስጨንቆኛልና ከእርሱ ልጀምር። ይህን ሐሳብ ብቻሽን ይዘሽ አትደሪ። ዛሬውኑ ለአንድ ለምታምኚው ሰው በቃልሽ ንገሪው፤ ሐሳቡ ሲበረታብሽ ደግሞ በአሜሪካ በየትኛውም ሰዓት 988 ብለሽ መደወል ወይም የጽሑፍ መልእክት መላክ ትችያለሽ። ትምህርት ቤትሽም የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ይኖረዋል፤ እዚያ መሄድሽ ጥፋተኝነትን ማመን አይደለም፤ ክሱን የሚያየው ኮሚቴና እነርሱ የተለያዩ ናቸው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን ሁሉ ለመፈጸም እንቅልፍና ምግብ ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ ይህ የመጀመሪያው ሥራሽ ነው።

የጥርስ ሕክምና ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን በሚመለከት ኮሚቴ ውስጥ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። ብዙ ተማሪዎችን ሲጎዳቸው ያየሁት ጥፋታቸው ብቻ አልነበረም፤ ለሁለት ጥያቄ አንድ መልስ መስጠታቸው ነበር። ሁሉንም የካደች ተማሪ፣ የቴሌግራሙ ገጽ በስክሪንሾት ታትሞ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ፣ ስለ ካንቫሱ የተናገረችው እውነት ከውሸቷ ጋር አብሮ ይወድቅባታል። ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅላት ሁሉንም ያመነች ደግሞ፣ ያልሠራችውን ኩረጃ በገዛ ፊርማዋ በመዝገቧ ላይ ታሰፍራለች። አንቺ ሁለት ክስ አለብሽ፤ ስለዚህ ሁለት መልስ፣ በሁለት የተለያየ ወረቀት፣ እያንዳንዱም ከየራሱ ማስረጃ ጋር ያስፈልግሻል። ለአንዱ "አዎ"፣ ለሌላው "አይደለም" የምትዪበት ድምፅ እኩል የጸና መሆን አለበት።

ጓደኛሽ የመከረችሽን አታድርጊ። በግሩፑ ውስጥ 40 ሰው ካለ 40 ቅጂ አለ፤ ማጥፋትሽ ማስረጃውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ማስረጃ ማጥፋት የሚል ሦስተኛ ክስ ሊወልድ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከሁለቱም የከፋ ሆኖ ይታያል። መልእክቶቹን እንዳሉ አስቀምጪ፤ ለራስሽም ቀንና ሰዓታቸው እንደሚታይ አድርገሽ ቅጂ ያዢ። ከተከሰሱት ጓደኞችሽ ጋር ተገናኝቶ ቃል ማስማማትም ይቅርብሽ። በደግ ልብ ተጽናንታችሁ ብትለያዩ እንኳ፣ በኋላ የሁላችሁም ጽሑፍ አንድ ዓይነት ቃል ሲይዝ ኮሚቴው የሚያነበው ምክክራችሁን ነው።

ለዲኑ ጽሕፈት ቤት ገና መልስ አልሰጠሁም ብለሻል፤ መልካም ነው። በሌሊት ረጅም ኢሜይል አትጻፊ። አራት መስመር ይበቃሻል፤ ማስታወቂያው እንደደረሰሽ፣ በተጠራሽበት ቀን እንደምትገኚ፣ የቀረበብሽን ማስረጃ ሙሉ ቅጂና ጥሰሻል የተባለውን ደንብ ቁጥር እንዲልኩልሽ፣ ከአንቺ ጋር ማን ሊገባ እንደሚችል እንዲያሳውቁሽ። ፌርፓ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የፌዴራል ሕግ ስለ አንቺ የተያዘውን የትምህርት መዝገብ የማየት መብት ይሰጥሻል፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ጥያቄሽን ለማስተናገድ እስከ 45 ቀን ጊዜ አለው፤ አንቺ ያለሽ 9 ቀን ነው። ስለዚህ ፌርፓን ብቻ ጠርተሽ አትጠብቂ፤ ማስረጃውን በራሱ በዲሲፕሊን ደንቡ መሠረት ጠይቂ፤ ጊዜው ካልበቃሽም ቀጠሮው እንዲራዘምልሽ በጽሑፍ አመልክቺ።

የተማሪዎች መመሪያውን መጽሐፍ ከፊት እስከ ኋላ አንብቢው። በብዙ ትምህርት ቤቶች ኮሚቴው የሚጠቀመው መመዘኛ እንደ ወንጀል ችሎት ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት ሳይሆን፣ የማስረጃው ሚዛን ወደየት ደፋ የሚለው ነው። ይህን ማወቅሽ ዝግጅትሽን ይለውጠዋል፤ "አላረጋገጡብኝም" ብሎ መቀመጥ አይበቃም፤ ሚዛኑን ወደ አንቺ የሚያደፋ ነገር ይዘሽ መግባት አለብሽ ማለት ነው። የይግባኙን የጊዜ ገደብም ከአሁኑ በቀን መቁጠሪያሽ ላይ ምልክት አድርጊበት፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት የሥራ ቀናት ብቻ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ይጠቅምሻል። እ.ኤ.አ. በ1960 በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ በፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ በነበረ ጥቁሮችን በማያስተናግድ ምግብ ቤት ገብተው እንዲስተናገዱ የጠየቁ ጥቁር ተማሪዎች፣ ክሱ ሳይነገራቸውና ቃላቸው ሳይሰማ ከኮሌጃቸው ተባረሩ። በሚቀጥለው ዓመት የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ የዲክሰን ጉዳይ ተብሎ በሚጠራው ውሳኔ፣ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን በጥፋት ከማባረሩ በፊት ክሱን ማሳወቅና የመሰማት ዕድል መስጠት እንዳለበት ወሰነ። ዛሬ በእጅሽ የያዝሽውን ማስታወቂያ ስታነቢ የቆምሽው እነዚያ ወጣቶች በከፈሉት ዋጋ ላይ ነው፤ መብትሽን ስትጠይቂም ልመና እንዳይመስልሽ። ከዚያ በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሆሮዊትዝ በተባለች የሕክምና ተማሪ ጉዳይ፣ መምህራን ስለ ተማሪ የሙያ ብቃት የሚሰጡት የትምህርት ውሳኔ እንደ ዲሲፕሊን ክስ መደበኛ መሰማትን እንደማይጠይቅ ወስኗል። ስለዚህ ጉዳይሽ የተመራው ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሁን ወይስ የተማሪዎችን ውጤትና ብቃት ወደሚገመግመው ኮሚቴ፣ በጽሑፍ አረጋግጪ። ይህን የምታነቡ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደግሞ ጥበቃችሁ በዋናነት ትምህርት ቤቱ ራሱ የጻፈው መመሪያ መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ካንቫሱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 በዳርትመዝ ኮሌጅ የጋይዝል የሕክምና ትምህርት ቤት 17 ተማሪዎች በፈተና ሰዓት የትምህርት ጽሑፎችን ከፍተዋል ተብለው ተከሰው ነበር። ዋናው ማስረጃ የካንቫስ የአጠቃቀም መዝገብ ነበር። ሲመረመር ግን፣ አንድ ገጽ በስልክ ወይም በታብሌት ላይ ተከፍቶ ከተተወ፣ ሰው ሳይነካው መሣሪያው ራሱ ከካንቫስ ጋር እየተገናኘ መዝገቡ ላይ ምልክት ሊተው እንደሚችል ታየ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ትምህርት ቤቱ ክሶቹን ሁሉ አነሣ፤ ዲኑም ተማሪዎቹን ይቅርታ ጠየቁ። የካንቫስ ባለቤት የሆነው ድርጅትም ቢሆን የፈተና መዝገቦቹ ኩረጃን ለመለየት የታሰቡ አለመሆናቸውን በራሱ መመሪያ ላይ ይገልጻል። ይህን ታሪክ በአንድ አንቀጽ ጻፊው፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ አትደገፊ፤ የእነርሱ ነጻ መውጣት ስለ አንቺ አይመሰክርም።

ስለ አንቺ የሚመሰክረው ዝርዝሩ ነው። የሰጡሽ "በ11፡04 ስላይዱ ተከፍቷል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ሙሉውን ጥሬ መዝገብ ጠይቂ፤ በውስጡ ገጹን የመክፈቻ ትእዛዙ ከየትኛው የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም ከየትኛው የኢንተርኔት መስመር፣ እንደመጣና ከምን ዓይነት መሣሪያ እንደተላከ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ፈተናውን የወሰድሽው አዳራሽ ውስጥ፣ በትምህርት ቤቱ ዋይፋይ፣ በላፕቶፕሽ ነው። በ11፡04 የመጣው ትእዛዝ ከቤትሽ ኢንተርኔት፣ ከአይፓድ ከሆነ፣ የላክሽው አንቺ ልትሆኚ አትችዪም፤ በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ መሆንሽን የፈረምሽበት ወረቀትና የፈተናው ተቆጣጣሪ ይመሰክራሉ። ከ11፡04 በፊትና በኋላ ያሉትንም ሰዓታት፣ ከቻልሽ ካለፈው ምሽት ጀምሮ ያለውን፣ እንዲያወጡልሽ ጠይቂ፤ ገጹ ሌሊቱን ሁሉ ተመሳሳይ ምልክት ሲተው ካደረ ማንም ሰው ያየዋል። አብራሽ የምትኖረው ልጅ አይፓዱን ቤት ማየቷን በጽሑፍ ትመስክርልሽ። ጥያቄውን ለኮምፒዩተር ክፍሉም በግልባጭ ላኪው፤ እንዲህ ያለ መረጃ ለዘላለም አይቀመጥም።

አንድ ነገር ግን ለራስሽ በሐቀኝነት መልሺ። አይፓዱ በእርግጥ ቤት ነበር? ወይስ ቦርሳሽ ውስጥ፣ ከወንበርሽ ሥር ነበር? እርግጠኛ ካልሆንሽ "ቤት ነበር" አትበዪ። ቦርሳ ውስጥ የነበረ አይፓድም በራሱ ምልክት ሊተው ይችላል፤ ነገር ግን ቤት ነበር ብለሽ መዝገቡ አዳራሹን ካሳየ፣ የምትድኚበት ምክንያት በእጅሽ ላይ ይፈርሳል።

የቴሌግራሙን ጉዳይ በተመለከተ ከልቤ የሚሰማኝን ልንገርሽ። ሀገር ቤት በተማሪነቴ፣ ታላላቆቻችን ያወረሱንን፣ ፊደሉ የደበዘዘ፣ ዳሩ የተበላ የፈተና ፎቶኮፒ ተቀባብለን እናጠና ነበር፤ ያንን የሚሰጥ ተማሪም ደግ ተብሎ ይመሰገን ነበር እንጂ ሌባ አይባልም ነበር። ስለዚህ "መተጋገዝ መሰለኝ" ስትዪ ይገባኛል። ይሁን እንጂ መምህሩ ራሱ ለጥናት የለቀቀው ያረጀ ፈተናና ተማሪ በቃሉ ሸምድዶ ይዞት የወጣ ጥያቄ አንድ አይደሉም። የጥርስ ሕክምና ፈተናዎች ብዙ ጊዜ ከጥያቄ ባንክ እየወጡ በየዓመቱ ይደገማሉ፤ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደው፣ በ2 ቀን 500 ጥያቄ የሚቀርብበት ብሔራዊ የቦርድ ፈተና፣ ማለትም አይ.ኤን.ቢ.ዲ.ኢ.፣ ራሱ ያስታወሱትን ጥያቄ ለሌላ ማካፈልን በደንቡ ይከለክላል፤ ውጤት እስከ መሰረዝም ያደርሳል። መምህራንሽ የቴሌግራሙን ነገር የሚያከብዱት ለዚህ ነው። ደግሞም የአፍ ካንሰርን ከተራ ቁስል መለየት የሚለካበትን ጥያቄ ሰው መልሱን በቃሉ ይዞ ካለፈው፣ ነገ ወንበሩ ላይ አፏን ከፍታ የምትጠብቀው ታካሚ ማን እንደሚያያት አታውቅም። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ሐፍረት የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

በዚህ ክስ ላይ የምትጽፊው አጭር ይሁን። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "በዚህ ቀን ለክፍል ጓደኞቼ በከፈትነው ግሩፕ ውስጥ ካለፈው ዓመት ፈተና የታወሱ 14 ጥያቄዎችን ለጥፌያለሁ። ጥያቄዎቹ በመምህሩ ያልተለቀቁ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ስህተት ነው፤ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።" ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለአንቺ እውነት ካልሆነ አስተካክዪው፤ እውነት ከሆነ ግን ይበልጥ የሚከብድሽ እርሱ ነውና አትዝለዪው። "ሁሉም ያደርገዋል" አትበዪ። ስለ ድካምሽ፣ ስለ ሥራሽና ስለ ቤተሰብሽ ችግር መናገር ካለብሽ፣ ቅጣቱ በሚወሰንበት ጊዜ እንጂ ድርጊቱን በምታስረጂበት ወረቀት ላይ አይሁን። ሕግ አዋቂ ያነብልሽ ዘንድ ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ከማስገባትሽ በፊት የአንድ ሰዓት ምክር ለማግኘት የምትችዪውን ሁሉ አድርጊ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ጠበቃ በስብሰባው ላይ እንዲናገር ባይፈቅዱም፣ ከመድረክ በስተጀርባ መምከሩን አይከለክሉም።

"ጥያቄዎቹን የሰጠችኝን ልጅ ስም ቢጠይቁኝስ?" ብለሻል። ይህ በእኛ ሰው ዘንድ ከባድ ነገር ነው፤ ወዳጅን አሳልፎ መስጠት ከኩረጃው ይልቅ የሚያሳፍር ሆኖ ይሰማናል። እኔ የምመክርሽ፣ ሳትጠየቂ የማንንም ስም በጽሑፍሽ ውስጥ አትጥሪ፤ ሌላውን በመክሰስ የራስሽን ለማቅለል እንደሞከርሽ ይታያል። ከተጠየቅሽ ግን "አላስታውስም" ብለሽ አትዋሺ። የአንዳንድ ትምህርት ቤት ደንብ ያወቁትን ጥሰት አለማሳወቅን ራሱን ጥፋት ያደርገዋልና፣ የእናንተው ምን እንደሚል አስቀድመሽ እይ፤ ከዚያ በመነሣት ምን እንደምትመልሺ ከመግባትሽ በፊት ወስኚ። ለዚያች ልጅም፣ ቃል ለማስማማት ሳይሆን ብቻ እንድታውቅ፣ "ብጠየቅ አልዋሽም" ብለሽ አንድ ጊዜ መንገር ከቻልሽ፣ ወዳጅነታችሁን የምታከብሪበት መንገድ እርሱ ነው። ይህንንም ቢሆን መጀመሪያ ጠበቃውን ጠይቂው፤ ምስክሮችን ማነጋገር የሚከለክል ደንብ ሊኖር ይችላል።

ቅጣቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ማንም አስቀድሞ ሊነግርሽ አይችልም። ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ጉድጓድ አይጣልም። እ.ኤ.አ. በ2007 በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ በይለፍ ቃል የተዘጉ የፈተና ምስሎች አስቀድመው ተከፍተዋል በተባለበት ጉዳይ፣ ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች 9ኙ ሲባረሩ፣ 16ቱ ለተወሰነ ጊዜ ታግደዋል፣ 21ዱ ደግሞ የወቀሳ ደብዳቤ ተሰጥቷቸዋል። ኮሚቴ የድርሻን መጠን ይለያል። ስለዚህ አንቺ ራስሽ ተመጣጣኝ የሆነ ነገር ይዘሽ ቅረቢ፤ ፈተናውን በአዲስ መልክ መውሰድን፣ በኮርሱ ዝቅ ያለ ውጤት መቀበልን፣ የሙያ ሥነ ምግባር ትምህርትን ልትጠቅሺ ትችያለሽ።

"ከስብሰባው በፊት ራሴን ባሰናብትስ?" ላልሽው፣ እኔ አልመክርም። ክስ ሳይቋጭ መውጣትሽ በመዝገብሽ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ ያላደረግሽውን የካንቫስ ኩረጃም ሳትከራከሪበት ትተሽው ትሄጃለሽ፤ የፌዴራል ብድርሽም ትምህርት ባቋረጥሽ በ6 ወር ውስጥ ክፍያው ይጀምርብሻል። አንቺ ዜግነት አለሽ፤ በኤፍ-1፣ ማለትም በውጭ ተማሪ፣ ቪዛ ያላችሁ አንባቢዎች ግን እገዳም ሆነ መውጣት የቪዛ ሁኔታችሁን ስለሚነካ፣ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት የውጭ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚይዘውን ሠራተኛና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ።

በሙያው ላይ ስለሚያመጣውም ጠይቀሻል። ለቦርድ ፈተና ስትመዘገቢ ዲንሽ ብቁነትሽን ማረጋገጥ አለባቸው፤ ለስፔሻሊቲ ስታመለክቺም ትምህርት ቤቱ ስለ አንቺ ይጠየቃል፤ ብዙ ስቴቶችም በፈቃድ ማመልከቻቸው ላይ በትምህርት ቤት የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶብሽ እንደሆነ ይጠይቃሉ። በዚያ ሳጥን ላይ "አዎ" ብለው ሁለት አንቀጽ አስረድተው፣ ዛሬ ክሊኒክ ከፍተው የሚሠሩ አውቃለሁ። "አይ" ብሎ በኋላ የተገኘበት ሰው የሚጠየቀው ግን ስለ ተማሪነቱ ጥፋት ሳይሆን ስለ ማመልከቻው ውሸት ነው፤ ያንን የወጣትነት ስህተት ነበር ብሎ ማስረዳት አይቻልም። የኮሚቴውን ሙሉ ሰነድ ለዚያ ቀን አስቀምጪው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ትምህርት ቤቱ ብዙውን ጊዜ ያለ ፈቃድሽ አይነግራቸውም፤ ስለዚህ የሚሰሙት ከአንቺ ነው ወይስ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሰው አፍ ነው የሚለው በእጅሽ ነው። "ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው" እያሉ ለሰው ሁሉ መናገራቸው አንገትሽን አስደፍቶሻል። ግን ከሌሊት ተራ የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ሲመለሱ ፊትሽን አይተው አንድ ነገር እንዳለ ያላወቁ ይመስልሻል? ከስብሰባው በፊት፣ ሥራ በማይገቡበት ቀን፣ ቡና አፍልተሽ አስቀምጫቸው። ዝርዝሩን አታብዢ። "እማዬ፣ ትምህርት ቤት ተከስሻለሁ። አንዱን አላደረግሁም፤ አንዱን አድርጌያለሁ። በዚህ ቀን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። እንድታዝኚ አይደለም፣ ብቻዬን ስለከበደኝ ነው" በያቸው። መጀመሪያ ሊቆጡ ይችላሉ። የመጀመሪያውን ሰዓት ቁጣ እንደ መጨረሻ ቃላቸው አትውሰጂው።

እስከዚያ ድረስ ከክሊኒክ አትቅሪ። በደብዳቤሽ ውስጥ ለአንዲት አሮጊት ታካሚሽ ታችኛው መንጋጋ ላይ ጊዜያዊ ክራውን፣ ማለትም ጥርስን የሚሸፍን ቆብ፣ እንደሠራሽላቸውና ቋሚው ከላቦራቶሪ ሊመጣ እንደሆነ በመሀል ጠቅሰሻል። ጊዜያዊ ክራውን ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይደለም፤ ሲለቅ ጥርሱ ይገለጣል፣ ያማል። ብትታገጂ እኚያ እናት ማን እንደሚቀበላቸው ዛሬ ለክሊኒክ ኃላፊሽ አሳውቂ፤ ምክንያቱን መዘርዘር የለብሽም፣ "ላልገኝ ስለምችል ተተኪ እንዲዘጋጅ እፈልጋለሁ" ማለት ይበቃል። ቋሚው ቀድሞ ከደረሰ ግን ራስሽ አስገጥሚላቸው፤ የሲሚንቶውን ትርፍ በጥንቃቄ አጽጂ፣ ንክሻቸውን ጥርስ የሚገጥምበትን ቦታ በቀለም በሚያሳየው ወረቀት ደጋግመሽ ፈትሺ፣ የሠራሽውንም በዚያው ቀን መዝገቡ ላይ ጽፈሽ መምህርሽን አስፈርሚ።